ፒ0420 በአማርኛ ምን ይላል?

የዛሬ ሁለት ዓመት በብርዱ ወራት፣ ፔትዎርዝ ውስጥ ከጆርጂያ አቬኑ ገባ ብሎ ባለው የኛ መንገድ ላይ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሱ ሁለት መኪኖች ነበሩ። አንደኛው የአንድ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ሱባሩ ደብልዩአርኤክስ ነው። ሁለተኛው እኛ ሁላችን ጋሼ የምንላቸው ሰው የሚሠሩበት የ2008 ፕሪየስ። ሁለቱም ሲነሱ ያገሳሉ። ልዩነቱ ልጁ ጩኸቱን በገንዘቡ ገዝቶታል፤ ጋሼ ደግሞ ሌሊት ተኝተው ሳሉ ሌባ ከመኪናቸው ሥር ገብቶ ካታሊቲካቸውን በመጋዝ ቆርጦ ሲወስድ የተረፋቸው ነው።

የምጽፈው ስለ እነዚህ ሁለት መኪኖች ነው። ስለ እኔም ነው፤ ምክንያቱም ከሁለቱ አንዱን ያከሰረው እኔ የጻፍኩት አንድ የአማርኛ መስመር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ1996 ሞዴል ጀምሮ (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ የቤት መኪና ሁሉ ከመሪው ሥር አካባቢ ባለ 16 ፒን ሶኬት አለው። ኦቢዲ ሁለት ይባላል። የቼክ ኢንጂን መብራት ሲበራ ኮምፒውተሩ የመዘገበውን ኮድ የምናነበው በዚያ ነው። በጥቂት ዶላር የሚገዛ፣ ኢኤልኤም327 በሚባለው ቺፕ ወይም በግልባጩ የሚሠራ የብሉቱዝ መሰኪያ ይዛችሁ ስልካችሁን ከመኪናው ጋር ማነጋገር ትችላላችሁ። እኔም ትርፍ ጊዜዬን አጥፍቼ ኮዶቹን በአማርኛ የሚያሳይ ትንሽ ፕሮግራም ሠራሁና ለሰፈር ሰው አደልኩ። ታክሲና ኡበር ለሚነዱ አባቶች ይጠቅማል ብዬ ነበር።

ከትርጉሞቹ መካከል ፒ0420 አለ። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ በቁሙ ሲፈታ «የካታሊስቱ ሥርዓት ብቃት ከተወሰነለት ወለል በታች ነው፣ ባንክ 1» ይላል። ይኼ ለስልክ ስክሪን ረዘመብኝ። ስለዚህ እንዲህ ብዬ አሳጠርኩት፦ «ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ተበላሽቷል»። አጭር ነው፣ ለማንም ይገባል። ግን ኮዱ እንደዚያ አላለም።

ምን እንዳለ ለመረዳት መጀመሪያ ዕቃውን እንክፈተው።

ቤንዚን ሞተር ውስጥ ሲቃጠል ሦስት መጥፎ ነገሮች ይተርፋሉ፦ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ያልተቃጠለ ነዳጅ እና የናይትሮጅን ኦክሳይዶች። ካታሊቲክ ኮንቨርተር በሞተሩና በማርሚታው መካከል ያለ የብረት ቆርቆሮ ሳጥን ነው። ውስጡ እንደ ጥሩ እንጀራ ዐይኑ የበዛ የሸክላ ጡብ አለ፤ በአንድ ካሬ ኢንች ላይ 400 ያህል ቀዳዳ ያለው የተለመደ ነው። የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ በጣም ቀጭን ሽፋን ተቀብቷል፤ በሽፋኑ ውስጥ ጥቂት ግራም ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ተበትኗል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ካርቦን ሞኖክሳይዱንና ጥሬውን ነዳጅ አቃጥለው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይለውጣሉ። ሮዲየሙ የናይትሮጅን ኦክሳይዶቹን ይፈታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሳጥኑ ሲግል ነው፤ ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሳይደርስ ሥራ አይጀምርም።

ሽፋኑ ውስጥ አራተኛ ነገር አለ፤ የሴሪየም ኦክሳይድ። እሱ ጎተራ ነው። ጭሱ ውስጥ ኦክስጅን ሲተርፍ ያከማቻል፣ ሲያጥር ከጎተራው ያወጣል። ሞተሩ ለ1 እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ አየር (በክብደት) ለመስጠት ይሞክራል፤ ግን በትክክል እዚያ ላይ አይቆምም፣ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያለ ይዋልላል። ጎተራው ያንን መዋለል ያለሰልሰዋል።

ይህን የሚከታተሉ ሁለት የኦክስጅን ሴንሰሮች አሉ። አንዱ ከካታሊቲኩ በፊት፣ ሌላው በኋላ። የፊተኛው ከሞተሩ ጋር ይዋልላል። የኋለኛው፣ ጎተራው ሙሉ ከሆነ፣ 0.6 ወይም 0.7 ቮልት አካባቢ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል። ጎተራው ሲያረጅ የኋለኛው ሴንሰር የፊተኛውን መኮረጅ ይጀምራል። ኮምፒውተሩ ሁለቱን አወዳድሮ፣ ኩረጃው ከወሰን ሲያልፍና በሌላ ጉዞም ሲደገም መብራቱን ያበራል። ፒ0420 ማለት ይህ ውድድር ነው።

ኮምፒውተሩ ካታሊቲኩን አይቶት አያውቅም። የሁለት ሽቦ ቮልቴጅ ነው ያየው። ካታሊቲኩ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ወይም ከኋለኛው ሴንሰር በፊት ማርሚታው የሆነ ቦታ ተቀዶ ንጹሕ አየር እየሳበ ይሆናል። ወይም ሴንሰሩ ራሱ አርጅቷል። ወይም ሞተሩ ነዳጅ እያበዛ ነው። አራቱም አንድ ዓይነት ኮድ ይሰጣሉ፤ ዋጋቸው ግን ከሃያ ዶላር እስከ ሁለት ሺህ ዶላር ይለያያል።

ራሳችሁ ማየት ከፈለጋችሁ፣ ወደ መሰኪያው 01 15 ብላችሁ ላኩ። የኋለኛውን ሴንሰር ይመልስላችኋል። ከመልሱ የመጀመሪያውን የዳታ ባይት ወስዳችሁ ለ200 አካፍሉት። ለምሳሌ በሄክሳ 90 ከመጣ 144 ነው፤ ለ200 ሲካፈል 0.72 ቮልት። የፊተኛው በድሮዎቹ መኪኖች 01 14 ነው፤ በአዳዲሶቹ ግን ብዙ ጊዜ ሰፊ ሴንሰር ስለሆነ በ01 34 የአየርና የነዳጅ ሬሾ ይሰጣችኋል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ርካሾቹ መሰኪያዎች ዘገምተኛ ናቸው። በሰከንድ ጥቂት ንባብ ብቻ ስለሚሰጡ ግራፉ ለስላሳ መስሎ ሊያታልላችሁ ይችላል። ሌላ ነገር አትጠይቁ፣ እሷን ብቻ ደጋግማችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ሱባሩው።

ልጁ መኪናዋን ከአሌክሳንድሪያ ሁለተኛ እጅ ነው የገዛት፤ 2011 ሞዴል፣ ባለ 2.5 ሊትር ቱርቦ። የበፊቱ ባለቤት «ሠርቷታል»። ከቱርቦው ወደ ታች የሚወርደውን ቧንቧ፣ ዳውንፓይፑን፣ ካታሊቲክ በሌለው ቀይሮታል። የኋለኛውን የኦክስጅን ሴንሰር ከጭሱ ራቅ እንዲል በትንሽ ብረት አርቆ አስሮታል፤ ጸጥ ያለ ውሸት እንዲናገር። የሞተሩን ኮምፒውተርም በአዲስ ቲዩን ጽፎታል። በዚያ ቲዩን ውስጥ ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንዱ፣ የፒ0420 ባንዲራ ከ1 ወደ 0 ተቀይሯል። ሁለተኛው ልጁን በፍቅር የጣለው ነው፦ እግሩን ከጋዝ ላይ ሲያነሳ ማርሚታው እንደ ርችት ይተኩሳል።

ያ ተኩስ አስማት አይደለም። ሠንጠረዥ ውስጥ ያሉ ጥቂት ቁጥሮች ናቸው። ጋዙ ሲለቀቅ ነዳጁ መቋረጥ ሲገባው እንዲቀጥል፣ የካንዴላው እሳትም እንዲዘገይ ይደረጋል። ነዳጁ ሲሊንደሩ ውስጥ መቃጠሉን ትቶ ማርሚታው ውስጥ ይቃጠላል። ካታሊቲክ በሌለበት ቧንቧ ውስጥ ይህ ጩኸት ብቻ ነው።

ዲሲ ውስጥ መኪና በየሁለት ዓመቱ ለጭስ ምርመራ ሃፍ ስትሪት ወዳለው ጣቢያ ይሄዳል፤ ካላለፈ ምዝገባው አይታደስም። እንደ አገር ቤት ቦሎ በሉት። እዚያ መርማሪው ሶኬቱ ላይ ይሰካና ኮምፒውተሩ የራሱን ፈተናዎች ጨርሶ እንደሆነ ይጠይቃል። የልጁ መኪና መብራት የለባትም፤ ግን የካታሊስቱ ፈተና ተሠርቶ አያውቅም፤ ባንዲራው ጠፍቷላ። ወደቀ። ማታ ማታ ምግብ የሚያደርስባት መኪና ናት፤ ጊዜ አልነበረውም። ርካሽ ካታሊቲክ ገዝቶ ዳውንፓይፑ ላይ አስበየደ፣ ሴንሰሩን ወደ ቦታው መለሰ፣ ባንዲራውንም አስመለሰ። አለፈ። ተኩሱን ግን አላስነካም።

ካታሊቲኩ የቆየው አራት ወር ነው።

መጀመሪያ የቼክ ኢንጂን መብራቱ በየተወሰነ ጊዜ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ይህን ወጣት ሹፌሮች ሁሉ ብታውቁልኝ ደስ ይለኛል፦ በርቶ የሚቆይ መብራት «ጊዜ ሲኖርህ አሳየኝ» ማለት ነው፤ ብልጭ ድርግም የሚለው ግን «አሁን አቁም» ነው። አንዱ ሲሊንደር እሳት እየሳተ፣ ካታሊቲኩን ሊያቃጥል የሚችል ጥሬ ነዳጅ እየላከ ነው። እሱ ሁለት ሳምንት ነዳት። ከዚያ ዳገት ላይ ጉልበት አጣች፤ በመጨረሻም ፒ0420 ወጣና መጣልኝ።

«አንተ ፕሮግራመር አይደለህ? ያቺን ኮድ ብቻ አጥፋልኝ። ኢንስፔክሽኑ ገና ሁለት ዓመት ነው።»

እውነቱን ልናገር፦ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። አንድ ቢት ነው። ኮድ የሚጽፍ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚያስቸግረውን የስህተት መልእክት ዘግቶ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ለዚያም ነው ወዲያው እንቢ ያላልኩት፤ «መጀመሪያ ልየው» አልኩ።

መዝገቡ ውስጥ ከፒ0420 በፊት ፒ0304 ተቀምጧል። አራተኛው ሲሊንደር እሳት ስቷል። ካንዴላውን ሲያወጡት ጫፉ ተበልቶ ክፍተቱ ሰፍቷል፤ ቱርቦው አየር ሲያጭቅበት ብልጭታው ይጠፋል። እንግዲህ አስቡት፦ ሞተሩ ሲሠራ አራተኛው ሲሊንደር ጥሬ ነዳጅ ይልካል፣ ልጁ እግሩን ሲያነሳ ደግሞ ተኩሱ ሌላ ነዳጅ ይልካል። ያ ሁሉ ነዳጅ የሚቃጠለው ካታሊቲኩ ውስጥ ነው። የሸክላው ጡብ የሚቀልጠው ከ1400 ዲግሪ ሲያልፍ ነው፤ ሽፋኑ ግን ከዚያ ብዙ ቀድሞ ይሞታል። መካኒኩ ቆርጦ ሲከፍተው ፊቱ እንደ ሻማ ፈሶ ቀዳዳዎቹን ደፍኗል። ዳገት ላይ ጉልበት ያጣችው ለዚህ ነው፤ ጭሱ መውጫ የለውም።

ልጁ ቀልጦ የወጣውን ቁራጭ በእጁ ይዞ ቆየ። «ኮዱን ብታጠፋልኝ ኖሮ…» አለና ተወው። የአራተኛውን ሲሊንደር ነገር የነገረን ያ ኮድ ባይመጣ ኖሮ ማንም መሰኪያ አይሰካም ነበር።

ሕጉም አለ። የ1970ው የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ፣ በተለይ በ1990 ከተሻሻለ ወዲህ፣ ካታሊቲክ ማውጣትን ወይም የጭስ መቆጣጠሪያን ማሰናከልን ለጋራዡም ለባለመኪናውም ይከለክላል። ሶፍትዌርም ከብረቱ እኩል ነው። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ቮልክስዋገን ነው፤ ናፍጣ ሞተር ቢሆንም። ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ዋሽንግተን ያለው አይሲሲቲ የሚባል ድርጅት የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችን መኪኖቹን መንገድ ላይ እየነዱ እንዲለኩ አደረገ። ውጤቱ በ2014 ወጣ፤ በመስከረም 2015 ኢፒኤ ኩባንያውን በይፋ ከሰሰ። ፕሮግራሙ መኪናዋ ምርመራ ላይ መሆኗን ያውቅና ጭሱን ያጸዳል፤ መንገድ ስትወጣ ይተወዋል። በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል መኪኖች። ጄምስ ሊያንግ የሚባለው የኩባንያው መሐንዲስ በ2017 የ40 ወር እስር ተፈረደበት። ኃላፊ አልነበረም፤ መሐንዲስ ነበር። የኛ ልጅ አንድ ቢት ከዚያ ጋር አይወዳደርም፤ የሚሠራው ሥራ ግን ያው ነው።

ድምፅ ለሚወድ ሰው መንገድ የለም ማለት አይደለም። ከካታሊቲኩ በኋላ ያለውን የማርሚታ ክፍል መቀየር የጭስ ሕጉን አይነካም፤ የጩኸት ደንብ ሌላ ጉዳይ ነው። ልጁ በመጨረሻ ያደረገው ይህንኑ ነው፦ አራት ካንዴላ፣ ለዚያ ሞዴል የተፈቀደ ካታሊቲክ፣ ተኩስ የሌለው ቲዩን፣ ከኋላ ወፈር ያለ ማርሚታ። አሁንም ይጮሃል፤ ግን መተኮሱን ትቷል። ጎረቤቶቼ ልዩነቱን አላስተዋሉም፣ እሱ ግን ሐዘን ላይ ነው።

ጋሼ ሌላ ታሪክ ናቸው።

ካታሊቲክ ለምን ይሰረቃል? ሮዲየም በ2021 ጸደይ በአንድ አውንስ ከ29 ሺህ ዶላር አልፎ ነበር። ከ2004 እስከ 2009 የተሠራው ፕሪየስ ደግሞ በሌቦች ዘንድ ተመራጭ ነው፤ ሞተሩ ግማሹን ጊዜ ጠፍቶ ስለሚሄድ ካታሊቲኩ ብዙም አይጎዳም፣ ማዕድኑ ሳይነካ ይቆያል። ዳውንፓይፕ ላይ ልጁ በገንዘቡ ያስወጣውን፣ ከጋሼ ሥር በሁለት ደቂቃ በነጻ ያወጡታል። በኅዳር 2022 የፌዴራሉ ፍትሕ ሚኒስቴር በአምስት ግዛቶች 21 ሰዎችን መያዙን አስታወቀ፤ ከገዢዎቹ እንዲወረስ የጠየቀው ገንዘብ 545 ሚሊዮን ዶላር ነው። ጋሼን የዘረፈው ማን እንደሆነ ግን አልታወቀም።

አስተኩ። ሥራ ቀጠሉ። ከሁለት ወር በኋላ መብራት በራ፤ ስልካቸው ላይ የኔን ፕሮግራም ከፈቱ፤ «ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ተበላሽቷል» አላቸው። በአማርኛ የተጻፈ፣ የሰፈር ልጅ የሠራው ነገር አይዋሽም ብለው ጋራዥ ሄዱና «ካታሊቲኩን ቀይሩልኝ» አሉ። ቀየሩላቸው። አንድ ሺህ አራት መቶ ዶላር። በሁለተኛው ሳምንት መብራቱ ተመልሶ በራ።

ሲመጡ አልተቆጡም፤ ያ ነው የባሰብኝ። «ልጄ፣ ይኼ ነገር እንደገና ተበላሸ እያለኝ ነው። ደግሞ ባንክ 1 ይላል። ገንዘቡን ከባንክ ነው የሚጠይቀኝ?» አሉኝ።

ሳቅሁ፤ ወዲያው አፈርኩ። ባንክ ማለት እዚህ የሲሊንደሮች ረድፍ ማለት ነው። እኔ እንግሊዝኛውን ፊደል ቀይሬ ብቻ ለጥፌው ነበር።

መኪናቸውን ከፍ አድርገን ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ስናስነሳት፣ ከካታሊቲኩ በኋላ፣ ከኋለኛው ሴንሰር በፊት ባለው መገጣጠሚያ ላይ ጭስ ፍስስ ይላል። ጓርኒሲዮኑ ነው። ሁለቱንም ጊዜ አሮጌውን መልሰው አስረውታል። በ01 15 ያየሁት ግራፍ በየደቂቃው ወደ ታች ይወድቅ ነበር፤ የካታሊቲክ ሞት ሳይሆን በቀዳዳው የሚሳብ አየር ነው። አዲስ ጓርኒሲዮን አሥራ ስምንት ዶላር ነው።

ማርሚታ፣ ካንዴላ፣ ጓርኒሲዮን። እነዚህን ቃላት ከጣሊያን ወስደን የራሳችን አድርገናል፤ ጋሼ ሦስቱንም ከልጅነታቸው ያውቃሉ። ካታሊቲክ ግን ዘግይቶ ነው የመጣው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዩጂን ሁድሪ በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ቢፈጥረውም በቤንዚን ውስጥ ያለው እርሳስ ይገድለው ስለነበር መኪና ላይ የተለመደው ከ1975 ሞዴል ጀምሮ፣ እርሳስ ከሌለው ቤንዚን ጋር ነው። ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ ደግሞ በ2001 ዳካር ላይ ተስማምቶ እርሳሱን ያስወጣው በ2005 መጨረሻ ነው። ጋሼ መንዳት በተማሩበት ዘመን ይህ ዕቃ አገር ቤት ቢገባም በሕይወት የሚቆይ አልነበረም። ስለዚህ ስለ ጓርኒሲዮን ብጽፍላቸው ኖሮ ራሳቸው ጎንበስ ብለው ያዩት ነበር። እኔ ግን የማያውቁትን ቃል ሰጥቼ «ተበላሽቷል» አልኳቸው።

ያን ሌሊት ፋይሉን ከፍቼ መስመሩን ቀየርኩት። አሁን እንዲህ ይላል፦ «የጭስ ማጣሪያው በሚገባ እየሠራ አይመስልም (የሲሊንደር ረድፍ 1)። ከመቀየርዎ በፊት፦ ማርሚታው ጭስ ያፈስሳል? ጓርኒሲዮኑ ደህና ነው? ሌላ ኮድ አብሮ አለ? መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል?» ለስክሪኑ ይረዝማል፤ ሁለት ጊዜ ወደ ታች መሳብ ያስፈልጋል። ብልጭ ድርግም የሚለውን ጥያቄ ያስጨመረው ሱባሩው ነው። ሌሎቹንም ኮዶች እንደገና እያየሁ ነው፤ «ተበላሽቷል» የሚለውን ቃል ፈልጌ 61 ቦታ አገኘሁት።

አዲሱን ለጋሼ ስልካቸው ላይ ጭኜ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«ታዲያ መጀመሪያውኑ እንዲህ ብለህ አትጠይቀኝም ነበር?» አሉ፤ ስልኩን ኪሳቸው ከተው ወደ ሥራ ሄዱ። መኪናቸው ድምፅ አልነበራትም።